ለስድስት ሰው የመጣው ትሪ

ምሳውን ሆቴል እናድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ይኼን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ «የማን ሐሳብ ነበር?» እየተባባልን ስንቴ እንደተነታረክን እግዜር ነው የሚያውቀው። የእኔ ሐሳብ ነበር። ተንኮል የለበትም፤ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሺሺንዳ አካባቢ አስተማሪ ነበር። እናታችን የሞተችው እሱ ገና አራተኛ ክፍል ሳለ ስለሆነ፣ ልብሱን ያጠብኩት፣ ደብተሩን የሸፈንኩት፣ ሲያጠፋም የገረፍኩት እኔ ነኝ። ልጅነቴን በእሱ ጨረስኩ ማለት ይቻላል፤ አልቆጨኝም። እዚያው ትምህርት ቤት አብራው የምታስተምር ልጅ ወደደ። ቁጥብ ናት፣ ሥራዋን አክባሪ ናት፣ ስትናገር ቀስ ብላ ነው፣ ስትስቅ ግን ከልቧ ነው። ምን እንከን ይወጣላታል? ምንም አይወጣላትም። ማንጆ ናት፣ በቃ።

ከፋ ላላደገ ሰው ይኼ ቃል ምንም አይለውም። እኛ ዘንድ ግን ሰውን ከደጅ የሚያስቀር ቃል ነው። ማንጆዎች ከጥንት ጀምሮ በጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል ወደ ከተማ እያወረዱ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው የእኛው ካፊኖኖ ነው፤ መልካቸውም የእኛው ነው። ግን «የዱር አሳማ ይበላሉ፣ ጉሬዛ ይበላሉ» ይባልና፣ ቤት አይገቡም፣ ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም፣ ለቅሶ ላይ እንኳ ዳር ይዘው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ቤታቸው ገብቶ የሚበሉትን ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሳያይ የሚምል ግን ሞልቷል!

ወንድሜ የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። አባታችን ሽማግሌ ይዞ ወደ ልጅቷ ቤት እንዲሄድለት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። «አንድ ቀን ከእሷ ጋር ብሉ» አለን። «ከአንድ ትሪ፣ እጃችሁን ከእጇ ጋር ልካችሁ። እሱን ካደረጋችሁ ሽማግሌውን ላኩ። ካላደረጋችሁ ግን እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናንተ ጋር አልበላም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።» ቀልድ አልመሰለኝም። የእኔ ወንድም ነው፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰው አውቃለሁ።

አባቴ በወረዳው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ እሱ ሳይበቃ ደግሞ የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ። በየቀበሌው እየዞረ ግንዛቤ ያስጨብጣል፣ ወርክሾፕ ይከፍታል፣ ወርክሾፕ ይዘጋል፣ አበሉን ይቀበላል። እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለምሠራ ንግግሮቹን የምተይብለት እኔ ነበርኩ። በብሔር ብሔረሰቦች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ «ማንጆን ማግለል የኋላ ቀርነት መገለጫ ነው!» ሲል እጄ እስኪግል አጨብጭቤለታለሁ። ልጁ «ማንጆ ላግባ» ሲለው ጊዜ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ በግሌ ተቃውሞ የለኝም» አለ፤ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስል። «ችግሩ እናቴ ናት። እሷን እናንተ አሳምኑልኝ።» ይኼን ሲለኝ እዚያው ብጮኽበት ኖሮ ምናለ! ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበት ቀን እንዳለ ላስታውስ ብዬ ነው።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ የምትኖረው ማንኪራ የሚባል ገጠር፣ አጎቴ ዘንድ ነው። ለዓይኗ ሕክምና እኛ ጋ ቦንጋ ስትመጣ «አሁን ነው!» አልኩ። ስሌቴ እንዲህ ነበር። በእኛ ቤት ካደረግነው ደጃፍ አለ፤ ማንጆ ደጃፍ አይሻገርም ትላለች። ሆቴል ግን የማንም ቤት አይደለም፤ የከፈለ ሁሉ ገብቶ ይበላበታል። ስለዚህ ሆቴል እንቀመጣለን፣ አያቴ ምንም ሳታውቅ ከልጅቷ ጋር ትበላለች፣ ትወዳታለች፣ ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራታለን። የበላችውን አትመልሰው! ወንድሜ ሐሳቡን አልወደደውም። «ደብቀን ምን ይረባናል?» አለ። እኔ ግን መቼ የሰው ምክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ተጫንኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል ገባን። ስድስት ነን፤ አያቴ፣ አባቴ፣ እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄ፣ ወንድሜና ልጅቷ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ግማሹ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ አባቴን እያየ ብድግ ብድግ ይላል። አባቴም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ደረቱን ነፍቶ አለፈ። ለስድስት ሰው በአንድ ትሪ ጥብስ፣ ክትፎ በቆጮና አይብ አዘዝን።

አያቴ ስትቀመጥ ጀምሮ አፏ አላረፈም፤ ዓመት ሙሉ አንድ ላይ አልተቀመጥንማ። ዘንድሮ ዝናቡ ያለ ጊዜው መጥቶ የቡናውን አበባ እንዳረገፈው፣ ከሦስት ቀፎ ንቦቹ ጥለው እንደሄዱ፣ የጎረቤታቸው ምራት መንታ ወልዳ አንዱ አባቱን አንዱ ማንንም እንደማይመስል፣ ሁሉን ዘረገፈችው። አባቴን «ልጄ ትልቅ ሰው ሆኗል አሉኝ፤ ጫማው ነው ቀድሞ የሚሰማው» አለችው። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ዳብሳኝ «አንቺ በዚህ ከቀጠልሽ በር ልትዘጊ ነው» አለችኝ። ሳቅን። ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ልጅቷ ማስታጠቢያ አስመጥታ እዚያው እጇን አስታጠበቻት፤ በመሐረብም አደረቀችላት። አያቴ እጇን ይዛ አለቀቀቻትም።

እኛ ዘንድ አሮጊት ከአዲስ ሰው ጋር ትሪ ላይ እጇን ከመስደዷ በፊት ጎሳ ትጠይቃለች። እኔ የረሳሁት እሱን ነው። ሆቴል ደጃፍ የለውም ብዬ የተራቀቅኩት ሴትዮ፣ አያቴ ደጃፉን በአፏ ይዛው እንደምትዞር አላሰብኩም።

«ልጄ፣ የማን ዘር ነሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ቀና አለች። አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ልትናገር ነው። ቀደምኳት። «የዋጫ ከተማ ልጅ ናት፣ እማማ! አባቷም እንደ እሷው አስተማሪ ናቸው። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብዪ እንጂ!» አልኩ።

አባቷ ከሰል አክሳይ ናቸው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ወንድሜ አየኝ፤ ያየኝን አስተያየት አሁን ድረስ አልረሳሁትም። አባቴ ክትፎውን ጠቀለለ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያማረ መሰለ። ልጅቷ ከጥብሱ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠች ወደ አያቴ በኩል ትገፋለች። በመጨረሻ ደህና አድርጋ ጠቅልላ አጎረሰቻት። አያቴ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ! እጇ ይጣፍጣል እኮ» አለች። «አንድማ ያጣላል» ብላም ሁለተኛውን በራሷ አፍ ጠየቀች። ወንድሜ ፈገግ አለ። በቃ፣ አበቃ፣ ተሳካልኝ ብዬ ሆዴ ውስጥ እልል አልኩ።

ያኔ ነው የሆቴሉ ባለቤት በትከሻዬ በኩል ያጎነበሰችው። ቦንጋ ማን ማንን አያውቅም፤ የማኅበር ወዳጄ ናት። «እህቴ፣ አንዴ ላናግርሽ» አለችኝ። ከወንበሬ ተነሳሁና ሁለት እርምጃ ያህል ከጠረጴዛው ራቅን።

«ያቺን ልጅ አውቃታለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ከእናቷ ጋር ለጓዳዬ እንጨት ታመጣ ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ሰዎችም አውቀዋታል፤ ነገ በዚህ ትሪ ነው ወይ የምታቀርቢልን እያሉኝ ነው። በእኔ አትፍረጂ፣ ገበያ ነው። ለብቻዋ በሳህን ላውጣላት? ከጓዳ ለእነሱ የሚሆን ሳህን አለኝ።»

«ለእነሱ የሚሆን ሳህን አለኝ!» ይታያችሁ! ደሜ ፈላ። በሹክሹክታ ያመጣችውን በሹክሹክታ መመለስ እችል ነበር። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብዬ ተመልሼ መቀመጥ እችል ነበር። እኔ ግን ቁጣዬ አፌን ቀድሞኝ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ መሐል ድምፄን ለቀቅኩት።

«ማንጆ ብትሆንስ ምን አገባሽ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ወደ እኛ ዞሩ። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሳምንት ሙሉ ስደብቀው የከረምኩትን እኔው ራሴ በጩኸት ነገርኳት፤ ያውም ልጅቷን ልከላከል ብዬ!

አያቴ ማላመጧን አቆመች። ወደ አባቴ ዞራ በካፊኖኖ «እውነት ነው?» አለችው።

አባቴ ስቴኪኒ መዘዘ። እውነቴን ነው፤ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው መሰል። መድረክ ላይ አንድ ሰዓት ያለ ወረቀት የሚናገር ሰው እናቱ አንዲት ነገር ስትጠይቀው ጥርሱን ይጎረጉራል!

የመለሰችው ልጅቷ ናት። «እውነት ነው፣ እማማ» አለች። «ሲጠይቁኝ ልነግርዎት ነበር።»

አያቴ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ምን አደረግሽኝ፣ ልጄ» አለች። «እነዚህ ናቸው የተጫወቱብኝ።» ይኼን ብላ በጠረጴዛው ተደግፋ ተነሳች፤ አስተናጋጇንም ሳሙና ጠየቀች። ቧንቧው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ሁሉ ሰው ያያል። እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። አፏን ተጉመጠመጠችና ተፋች፤ እንደገና ተጉመጠመጠች። «ማታ ጠበል ውሰዱኝ» አለች ለአባቴ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችን።

ልጄ ቀሚሴን ጎተተችና «እማዬ፣ እኔም ልታጠብ?» አለችኝ።

«ዝም በይ አንቺ!» አልኳት። አትታጠቢም ግን አላልኳትም። በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ያልተናገርኩት ያንን ብቻ ነው።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ልትነሳ ስትል ወንድሜ እጇን ያዛት። «ቁጭ በይ» አላት። «ምሳችንን አልጨረስንም።» ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርጎ መብላት ጀመረ። እሷም ትንሽ አመነታችና እጇን ሰደደች። ለስድስት ሰው የመጣ ትሪ ላይ ሁለት ሆነው፣ አዳራሹ ሙሉ እያያቸው፣ ሳይቸኩሉ በሉ። ሥጋው ቀዝቅዞ ረግቶ ነበር፤ እነሱ ግን በሉት።

እኔስ? እኔ ቆሜ አባቴን እሰድባለሁ። «ንግግርህን የተየብኩት እኔ ነኝ! የኋላ ቀርነት መገለጫ ነው ያልከው አንተ አይደለህም? አፍህ የት ሄደ? ለአበል ሲሆን ነው የሚከፈተው?» እያልኩ ጣቴን ፊቱ ላይ አወዛውዛለሁ። እሱ ደግሞ «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው እያየን ነው፤ እኔ ኃላፊነት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ» ይለኛል። ወደ ሆቴሉ ባለቤት ዞሬ እሷንም ስድብ አጠጣኋት። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉትንም አልማርኳቸው፤ አንዱን በአባቱ ስም ጠርቼ የቤተሰቡን ጉድ ዘከዘክኩለት። እንዲህ ያለ የስድብ ቀን ኖሮኝ አያውቅም። ሁሉም ትክክል ነበር፤ አንዱንም ቃል አልጸጸትበትም።

ወንድሜ በዚያ መሐል ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አይቶኛል። ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበሬን ነው ያየው። አልተቀመጥኩም። ስድቤን አልጨረስኩም ነበር።

በልተው ሲጨርሱ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ አያቴ በታጠበችበት ቧንቧ። ልጅቷ አያቴ ፊት ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ አያቴ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወጡ። ልጄን አያቴ ጎን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መናኸሪያው አጠገብ፣ ወደ ሺሺንዳ የሚሄደው ሚኒባስ ጋ ደረስኩባቸው።

«ምን ሆነህ ነው ሳትሰናበተኝ የምትሄደው?» አልኩት እያለከለክኩ።

«ነግሬሻለሁ እኮ» አለ። «ካልበላችሁ አልበላም ብያለሁ።»

«በእኔ ላይም? ከአባቴ የተጣላሁት ለማን ብዬ ነው? በከተማው ፊት የተዋረድኩት ለማን ብዬ ነው? እነሱ ናቸው እምቢ ያሉት! እኔ መቼ ለየኋት? እኔ ቤት ገብታ አልተቀመጠችም? ሻይ አልጠጣችም?»

«ጠጥታለች» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽብኝ እችለው ነበር። «ሦስት ጊዜ አምጥቻታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠጥታለች። በምን ነበር የጠጣችው?»

«በምን ይጠጣል? በ...»

«በአረንጓዴዋ የፕላስቲክ ኩባያ። ለእኔ በብርጭቆ፣ ለልጅሽ በብርጭቆ፣ ለራስሽ በብርጭቆ፤ ለእሷ ሦስቱንም ጊዜ በዚያች ኩባያ። ከሄድን በኋላ የት ነበር የምታጥቢያት?»

ልጅቷ ክንዱን ያዘችው። «ተው፣ ይበቃል» አለችው። ለእኔ አዝና ነው ያለችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ታውቅ ኖሯል፤ እያወቀች ጠጥታ፣ እያወቀች «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብላ ትሄድ ኖሯል።

እምላለሁ፣ ልለያት ብዬ አልነበረም። እጄ ነው ወደዚያች ኩባያ የሚሄደው። ልጅቷ ስትሄድ ደግሞ ደጅ ባለው ቧንቧ አጥቤ መስኮቱ ላይ እደፋት ነበር፤ ልጄ ውኃ ልትጠጣባት ብታነሳት «ተይ እሱን!» እላት ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መናኸሪያው ላይ ግን ተናደድኩ፤ በእሱ ነው የተናደድኩት፣ ምን ላድርግ፤ ልጅ ሆኖ ያጠብኩት ወንድሜ እንዴት የእኔን ኩባያ ይቆጥራል ብዬ።

ገቡና ሚኒባሱ ተነሳ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ መጋባታቸውንም ከሰው ነው የሰማሁት።

ያን ቀን ዝናቡ ሲበረታ አባቴ ከኋላዬ መጣ። ከሆቴሉ ዣንጥላ ተውሶ ነው። «ተዪው ይሂድ፣ ሲበርድለት ይመጣል» አለኝ። ከዚያ ዣንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለ፤ እኔም ገባሁና አብረን ተመለስን።